ሊኑክስ ሚንትን ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ማመቻቸት፦ ፋይል ማናጀርና ዴስክቶፕ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራው አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ አለዚያም ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል። ሁለት ገጽ ይታተምለታል፣ አንድ መስመር ይስተካከልለታል፣ ይሄዳል። ከኋላው ሌሎች ቆመዋል። እዚህ ላይ ጊዜ የሚበላው ትየባው ሳይሆን «ፋይሉ የት ገባ?» የሚለው ፍለጋ ነው። ፋይል ማናጀሩና ዴስክቶፑ አንዴ በወጉ ከተስተካከሉ ይህ ፍለጋ ይቀራል፤ ለማስተካከሉም አንድ ጸጥ ያለ የእሑድ ከሰዓት ይበቃል።

መመሪያው የተጻፈው በዊንዶውስ ፈንታ ከሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ዓይነቶች አንዱ ለሆነው ኤክስኤፍሲኢ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ሳይጨናነቅ ስለሚሠራ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከሌሎቹ የሚንት ዓይነቶች ይህኛውን እንመርጣለን። ፋይል ማናጀሩ ቱናር ይባላል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ነገሮች ቱናር 4.18 ላይ ያሉ ናቸው፤ ሚንት 21.2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከጫኑ ይህ ወይም ከዚህ የበለጠ አለዎት። ሲናመን የጫነ ሰው ፋይል ማናጀሩ ኒሞ ስለሆነ አንዳንድ ሜኑ ሌላ ቦታ ያገኛል።

ቱናርን ማስተካከል

ቱናርን ከፍተው ኤዲት ከሚለው ሜኑ ፕሪፈረንስስን ይጫኑ። ዲስፕሌይ በሚለው ታብ ላይ አዲስ ፎልደር በምን መልክ እንደሚከፈት ይጠይቃል፤ ሊስት ቪውን ይምረጡ። ትልልቅ አይከን ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን «ቅጽ አዲስ»፣ «ቅጽ አዲስ 2»፣ «ቅጽ የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ሲደረደሩ የትኛው ዛሬ እንደተሠራ አያሳይም። ሊስት ቪው ግን መጠኑንና ቀኑን ከስሙ ጎን ያስቀምጣል። ቪው ከሚለው ሜኑ ኮንፊገር ኮለምስን ከፍተው ስም፣ መጠንና የተሻሻለበት ቀን ብቻ እንዲታዩ ያድርጉ። ከዚያ የቀኑን ርዕስ አዲሱ ፋይል ከላይ እስኪመጣ ድረስ ጠቅ ያድርጉ። በቅርብ የተሠራው ወይም የተሻሻለው ፋይል ከፋይሎቹ ሁሉ ከላይ ይሆናል።

እዚያው ዲስፕሌይ ላይ የእያንዳንዱን ፎልደር አከፋፈት እንዲያስታውስ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ ምልክት ያድርጉበት። የፓስፖርት ፎቶዎች የሚቀመጡበትን ፎልደር አንዴ ከፍተው ኮንትሮልና 1 ሲጫኑ በአይከን ይከፈታል፤ ሌሎቹ በሊስት ይቀጥላሉ። ተምኔይል፣ ማለትም የፎቶና የቪዲዮ ትንንሽ ምስል፣ ደካማ ማሽን ላይ ያስቸግራል። ፊልም የሞላበት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮሰሰሩ ምስል ለመሥራት ይጠመድና ማሽኑ የቆመ ይመስላል። ፎቶ የማይሠሩ ከሆነ ኔቨር ላይ ያድርጉት።

ፋይል የሚከፈተው በሁለት ክሊክ ይሁን። አንድ ክሊክ የሚለው ምርጫ ፈጣን ይመስላል፤ ግን ፋይሉን መምረጥ ብቻ የፈለገ ሰው ሳያስበው ይከፍተዋል፤ ሊብሬኦፊስ እስኪነሳ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል።

አንድ በር

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ወደ ማሽኑ የሚገባ ፋይል ሁሉ በአንድ በር ይግባ። ሆም ፎልደር ውስጥ «ዛሬ» የሚል ፎልደር ይፍጠሩና ጎትተው በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ላይ፣ ቡክማርክ ከሚቀመጥበት ቦታ ይጣሉት። ከዚያ የቴሌግራምን ሴቲንግስ ከፍተው አድቫንስድ ውስጥ የዳውንሎድ ቦታውን ወደ «ዛሬ» ይቀይሩ። ፋየርፎክስ ላይም ሴቲንግስ ውስጥ ጀነራል ከሚለው ዳውንሎድስ ዘንድ ይህንኑ ያድርጉ። ስካን የሚደረገውም እዚያው ይቀመጥ። ቴሌግራም በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሌላው ሲስተም ለይቶ በሚጭን መንገድ) የተጫነ ከሆነ ሌላ ፎልደር ላይ መጻፍ አልችልም ሊል ይችላል፤ ያኔ ቴሌግራም የሚያወርድበትን ፎልደር ራሱን ወደ ግራው ዝርዝር ይጎትቱት።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ «ዛሬ» ውስጥ ያለው የቀኑ ስም ወዳለው ፎልደር ይዛወራል። የስሙ አጻጻፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቱናር የሚያሳየው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ «ባለፈው ሐምሌ 12 ያሠራሁት» ለሚል ደንበኛ አይረዳም። ስለዚህ የእኛን ቀን ፎልደሩ ስም ላይ ይጻፉት፦ ዓመቱ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ መጨረሻ ቀኑ፤ ወሩም ቀኑም ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ። 2017-11-12 ማለት ሐምሌ 12 ቀን 2017 ነው፤ ጳጉሜን 13 ይሆናል። በዚህ መንገድ ሲጻፍ በስም መደርደር በቀን መደርደር ይሆናል። ቀኑ ከፊት ከተጻፈ ግን የመስከረም 12፣ የጥቅምት 12 እና የኅዳር 12 ፎልደሮች አንድ ላይ ይሰበሰባሉ።

በ12/11/2017 መልክ ለመጻፍ አይሞክሩ። እዝባሩ (/) ሊኑክስ ላይ ፎልደርን ከፎልደር የሚለይ ምልክት ስለሆነ ስም ውስጥ አይገባም። የላቲኑ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ማሽኑ ላይ ይቀበላቸዋል፣ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ግን ስሕተት ይሰጣል፤ ምክንያቱም ፍላሾች በብዛት የሚሠሩበት ፋት32 የሚባለው የፋይል አቀማመጥ አይቀበላቸውም። የግዕዙ ሁለት ነጥብ (፡) እና አራት ነጥብ (።) ሌላ ምልክት ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም ርዝመትም ወሰን አለው። ሊኑክስ ዲስኩ ላይ የሚጠቀምበት የፋይል አቀማመጥ፣ ኢኤክስቲ4፣ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ከ85 ፊደል በላይ አይሄድም ማለት ነው። የደብዳቤውን ርዕስ በሙሉ የፋይል ስም የሚያደርግ ሰው እዚህ ወሰን ላይ ይደርሳል፤ የፋይሉ ስም ረዘመ የሚል መልእክት ካዩ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

ፍላሽና «ዛሬ»ን ጎን ለጎን ለማየት ኤፍ3 ይጫኑ፤ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል። ከፍላሽ ወደ ማሽኑ የተጎተተ ፋይል ይገለበጣል፤ ዋናው ፍላሹ ላይ ይቀራል። እዚያው ማሽን ላይ ከፎልደር ወደ ፎልደር የተጎተተ ግን ይዛወራል። መገልበጥ ከፈለጉ ኮንትሮልን ይዘው ይጎትቱ።

ስም ለመቀየር ኤፍ2 ነው። ብዙ ፋይል መርጠው ኤፍ2 ሲጫኑ የጅምላ መቀየሪያው ይከፈታል። ከካሜራ የመጡ 40 ፎቶዎችን 01፣ 02፣ 03 እያሉ ለመሰየም ነምበሪንግን ይምረጡ። ለውጡ ስሙ ላይ ብቻ እንዲያርፍ መመረጡን ያረጋግጡ። ቅጥያውንም ጨምሮ ከሆነ ጄፔግ የሚለው ይጠፋል፤ ፎቶው ምንም ሳይሆን ሌላ ማሽን ላይ አልከፈትም ይላል።

ቴምፕሌትስ

ሆም ውስጥ ቴምፕሌትስ የሚል ፎልደር ቀድሞም አለ፤ ብዙ ሰው ባዶ ስለሆነ አያየውም። ለጽሕፈት ቤት ግን ወርቅ ነው። የሲቪ፣ የማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውልና የውክልና ባዶ ቅጾችን በሊብሬኦፊስ አዘጋጅተው፣ ገጹን ኤ4 አድርገው፣ እያንዳንዱን በአማርኛ ስሙ እዚያ ያስቀምጡ። ከዚህ በኋላ «ዛሬ» ውስጥ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ክሪኤት ዶክመንት ሲሉ ቅጾቹ በስማቸው ተዘርዝረው ይመጣሉ። አንዱን ሲመርጡ የሚፈጠረው ቅጂ ነው፤ ዋናው አይነካም።

ይህ ሳይኖር የሚደረገው የታወቀ ነው፦ የጠዋቱን ደንበኛ ሲቪ ከፍቶ በላዩ ላይ መጻፍ። ስሙ ይቀየራል፣ ትምህርቱ ይቀየራል፣ የስልክ ቁጥሩ ግን ታች ግርጌው ላይ የጠዋቱ ሰው ሆኖ ይቀራል። ሥራ ፈላጊው ሦስት ቦታ ካስገባው በኋላ ማን እንደሚደወልለት አስቡት። ሴቭ አዝ የረሳ ጸሐፊ ደግሞ የጠዋቱን ፋይል ያጠፋዋል።

ፍላሽ

ፕሪፈረንስስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ታብ ላይ ቮሊዩም ማኔጅመንት መብራቱን ያዩና ኮንፊገር የሚለውን ይጫኑ። ፍላሽ ሲሰካ ማውንት ይደረግ (ከማሽኑ ጋር ይያያዝ)፣ መስኮቱም ይከፈት የሚሉት ላይ ምልክት ይኑር። ፕሮግራም በራሱ ይነሳ፣ ፋይል በራሱ ይከፈት የሚሉት ላይ ግን በፍጹም አይኑር።

ቫይረስ የያዘው ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፤ ደንበኛውም «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች በዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ሸፍኖ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሊኑክስ ያንን ምልክት ለመደበቂያ አይጠቀምበትም፤ እዚህ የሚደበቀው በዋናነት ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ነው። ስለዚህ ቱናር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ፦ እውነተኛው ፎልደርና ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሆነ፣ ቅጥያው ኤልኤንኬ የሆነ ፋይል። ሁሉም ነገር ስም የሌለው በሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ተሰብስቦ የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ስሙ ባዶ ቦታ ስለሆነ በዓይን ያመልጣል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እስከ ታች ይዩት። ሰነዶቹን መጀመሪያ ወደ «ዛሬ» ገልብጠው፣ ደንበኛውን አስፈቅደው፣ ከዚያ ሾርትከቶቹን ያጥፉ። የዊንዶውስ ቫይረስ ሁለት ጊዜ ስለተነካ ብቻ ዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳው) ያልተጫነበት ሊኑክስ ላይ አይነሳም፤ ሆኖም ከአንዱ ደንበኛ ፍላሽ ወደ ሌላው ማሻገር ስለሚቻል ከሰነድ በቀር ምንም አይገልብጡ።

ፍላሽ ላይ አጥፍተው ቦታው አልለቅም ካለ፣ ዴሊት የተባለው ፋይል ፍላሹ ላይ ባለ የተደበቀ የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ ነው። ኮንትሮልና ኤች ሲጫኑ በነጥብ የሚጀምረው ትራሽ ይታያል። ፍላሹ እንደተሰካ ትራሹን ባዶ ያድርጉ፤ ወይም ከመጀመሪያው በሺፍትና ዴሊት ያጥፉ። በሺፍት የጠፋ ግን ከትራሽ አይመለስም።

ፍላሹን ከመንቀል በፊት በግራው ዝርዝር ላይ ከስሙ ጎን ያለችውን የማውጫ ምልክት ይጫኑ። የመገልበጫው መስመር ሞልቶ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የተወሰነው ዳታ ግን ገና ራም ላይ ሆኖ ወደ ፍላሹ እየተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ፍላሹ ርካሽና ቀርፋፋ ከሆነ። ያኔ የተነቀለ ፍላሽ ስሙ ያለ፣ ውስጡ ባዶ ወይም የተቆረጠ ፋይል ይዞ ይሄዳል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ሲያየው አይከፈትም፤ ከኮዬ ፈጬ ጫፍ ድጋሚ መመለስ ሊኖርበት ነው። «ቆይ፣ ላውጣልዎት» ማለትን ልማድ ያድርጉት።

ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ፋት32 ፍላሽ ላይ አይገባም፤ ቦታ ቢኖርም ፋይሉ ትልቅ ነው ይላል። መፍትሔው ፍላሹን በዲስክስ ፕሮግራም ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ዊንዶውስ ጎን ለጎን ያለበት ማሽን ላይ የዊንዶውሱ ክፍል ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ አልችልም ካለ ደግሞ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ዊንዶውሱ በትክክል ስላልተዘጋ ነው። ወደ ዊንዶውስ ገብተው ሺፍትን ይዘው ሻት ዳውን ያድርጉት፤ ከዚያም ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉት።

ዴስክቶፑ

ባዶው ዴስክቶፕ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ዴስክቶፕ ሴቲንግስን ይክፈቱ። አይከንስ የሚለው ታብ ላይ ፋይል ሲስተምን ያንሱት፤ ደንበኛ ጋር የሚሠራ ሰው እዚያ የሚፈልገው ነገር የለም። ሆም፣ ትራሽና ተነቃይ ድራይቮች ይቅሩ። ባክግራውንድ ላይ ፎቶውን ትተው አንድ ወጥ ደብዛዛ ቀለም ቢያደርጉ የአይከኖቹ ጽሑፍ በደንብ ይነበባል።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበትን እንዝጋ። ጽሑፍ በመሥራት ላይ ሳሉ መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድንገት ይጠፋሉ። አልተዘጉም፤ አይጡ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ እያለ ጎማው ሲዞር እርስዎ ወደ ሌላ ዎርክስፔስ (ሌላ ባዶ የሥራ ገጽ) ስለተዛወሩ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው ማናጀር ትዊክስን ከፍተው ዎርክስፔስስ ታብ ላይ የአይጡ ጎማ ዎርክስፔስ እንዳይቀይር ምልክቱን ያንሱ። ዎርክስፔስስ የሚለው ሌላ ሴቲንግ ላይም ቁጥሩን 1 ያድርጉት። የሚጠፋበት ሌላ መንገድ ጎማው የመስኮቱ ርዕስ ላይ ሲዞር ነው፤ መስኮቱ ተጠቅልሎ ርዕሱ ብቻ ይቀራል። እሱን የሚያጠፋው እዚያው ትዊክስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ታብ ላይ ነው። ኮምፖዚተር የሚለው ታብ ላይ ዲስፕሌይ ኮምፖዚቲንግን ማጥፋት ጥላንና ብርሃን አሳላፊነትን ይቀንሳል፤ አሮጌ ማሽን ያርፋል። ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ የተሰነጠቀ መስመር ካሳየ መልሰው ያብሩት።

ፓነሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፓነል ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሎክ ፓነል ላይ ምልክት ያድርጉ። ራይተር፣ ቴሌግራም፣ ስካነርና ካልኩሌተር ከሜኑው ላይ ራይት ክሊክ ተደርገው ወደ ፓነሉ ይጨመሩ፤ ከዚያ በላይ አይብዛ።

ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ካስቸገረ አፒራንስ ውስጥ ፎንትስ ላይ ዲፒአዩን ከ96 ወደ 108 ከፍ ያድርጉት። እንደ ጨ እና ጬ ያሉ፣ ልዩነታቸው አንዲት ጭረት የሆነች ፊደላት ትንሽ ስክሪን ላይ የሚለዩት ያኔ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ሲናፕቲክ ከሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ኢባስን እና ኢባስ ኤም17ኤንን ይጫኑ። ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከሜኑ ከፍተው ኢባስን ይምረጡ፣ ወጥተው ድጋሚ ይግቡ፤ ሳይወጡ አይሠራም። ከዚያ የኢባስ ፕሪፈረንስስ ውስጥ አማርኛ ስር ሴራ የሚለውን ይጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሱፐርና ስፔስ ይቀያየራል። በድምፅ የሚጻፍ ስለሆነ ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊ ቶሎ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ፊደላት ግን የተለየ ቁልፍ አላቸው። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሲመጣ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የሌለው። የፎንቱን ፋይል ሆም ውስጥ በነጥብ ጀምሮ በላቲን ፎንትስ ተብሎ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ያስገቡና ራይተርን ዘግተው ይክፈቱ።

ሰዓትና መብራት

አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃለች። ይህ ሰዓቱን ብቻ አይደለም የሚያበላሸው፦ አዲስ ፋይሎች የድሮ ቀን ይዘው ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባሉ፣ ድረገጾችም የደኅንነት ማረጋገጫው ጊዜ አልደረሰም ብለው አይከፈቱም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ባትሪዋን ይቀይሩ፣ ሰዓት ዞኑንም አዲስ አበባ ላይ ያድርጉ።

ሊብሬኦፊስ ላይ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ ሴቭ፣ ጀነራል ብለው ገብተው የማገገሚያ መረጃው በየ2 ደቂቃው እንዲቀመጥ ያድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ፓወር ማናጀር ውስጥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ይዘዙ።

ደንበኛ ራሱ ማሽን ላይ የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ሎጊን ዊንዶው በሚለው ሴቲንግ ዩዘርስ ታብ ላይ የእንግዳ መግቢያውን ያብሩ። እንግዳው ያደረገው ሁሉ ሲወጣ ይጠፋል፤ የከፈተው ኢሜይልም፣ የቀየረው ሴቲንግም አይቀርም። ያስቀመጠው ፋይልም አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ከሄደም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ፋይልዎን ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ» የሚል ወረቀት በትልቁ አትመው ሞኒተሩ ላይ ይለጥፉ፤ ደንበኛው ሲቀመጥም በቃል ይንገሩት።